የሰፈር ተመራጭ ነኝ፤ በየወሩ የምጽፈውን ሪፖርት ሰው ማመን ትቷል። ምን ልቀይር?

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአካባቢያችን ምክር ቤት አባል ሆኜ ከተመረጥኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈኝ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሙያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው፤ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን አስተምራለሁ። ስወዳደር ቃል የገባሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በየወሩ መጨረሻ ምን እንደተሠራ እነግራችኋለሁ። መንገድ አሠራለሁ አላልኩም። መብራት አስገባለሁም አላልኩም። እነግራችኋለሁ ነው ያልኩት።

ነገርኩም። አንድም ወር አላስተጓጎልኩም። በሰፈሩ ግሩፕ ላይ እለጥፋለሁ፤ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ አትሜ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እሰቅላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ያመሰግን ነበር። ቀስ በቀስ አውራ ጣት ብቻ ሆነ። አሁን አውራ ጣቱም የለም።

ባለፈው ወር ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ በስፒል እያያያዝኩ ሳለ አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ "ልጄ፣ ይሄ የዚህ ወር ነው ያለፈው?" አሉኝ። "የዚህ ወር ነው እማማ" አልኩ። "እንግዲያው ያለፈውን ገልብጠሽዋል" ብለውኝ ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ተናድጄ ቤት ገባሁ። የሦስቱን ወር ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ አየሁ። በጥግ በኩል ስላለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦

የመጀመሪያው ወር፦ "የቦዩ ጥገና በቅርቡ ይጀመራል።"
ሁለተኛው ወር፦ "የቦዩ ጥገና በሂደት ላይ ይገኛል።"
ሦስተኛው ወር፦ "ለቦዩ ጥገና ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል።"

ሴትየዋ እውነታቸውን ነው። ቦዩ ግን ያው ነው። የሲሚንቶ ክዳኑ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወድቋል። ላስቲኩ፣ ጠርሙሱ፣ ቅጠሉ እዚያው ይጠራቀማል። ሲዘንብ ውሃው ተመልሶ መንገዱን ይሞላዋል፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ነው።

መዋሸቴ አይደለም። "በሂደት ላይ" ስል እውነትም ደብዳቤ ጽፌ ነበር። "ትኩረት" ስል እውነትም ስብሰባ ላይ ተነስቷል። ግን ሳነበው የኔ ቋንቋ አይመስለኝም። የዜና አንባቢ ነው የሚመስለኝ። መቼ እንዲህ መጻፍ እንደጀመርኩ እንኳ አላውቅም።

እናንተ ተመራጭ የሆናችሁ፣ የነበራችሁ፣ ወይ እንዲህ ያለ ወረቀት የምታነቡ፦ ምን ቢጻፍላችሁ ታነባላችሁ? ያልተሳካውን ልጻፈው? ወይስ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል?

ዝም አልልም

የኛ ሰፈር ተመራጭ ግሩፕ ላይ የሚለጥፋቸውን ፎቶዎች አውቃቸዋለሁ። ተመራጩ ሲጨባበጥ፣ ተመራጩ ሲጠቁም፣ ተመራጩ ወንበር ላይ። ጉድጓዱ ግን አንድም ፎቶ ላይ የለም። ከዚያ ጀምሪ።

ሁለት ዙር

እህቴ፣ እኔ ሁለት ዙር አገልግዬ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ አሁን የማጣው ድምፅ የለም፣ በነጻነት ልጻፍልሽ።

የመጀመሪያውን ዙር ልክ እንዳንቺ ነው የጨረስኩት። "አበረታች ውጤት ታይቷል" የምትለዋን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ብቆጥራት አፍራለሁ። ሰው የሚጽፈው ያነበበውን ነው። ቀኑን ሙሉ የቢሮ ደብዳቤ ስታነቢ ውለሽ ማታ ለጎረቤት ስትጽፊ እጅሽ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል።

የቀየረኝ የመንገድ መብራት ነው። አንድ መንታ መንገድ ላይ መብራት ጠፋ። አመለከትኩ። ሪፖርቴ ላይ "ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል" ብዬ ጻፍኩ። አራት ወር ሙሉ ይህንኑ ጻፍኩ። በመጨረሻ ራሴ በማታ ሄጄ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። ምሰሶው ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ አለ፤ በባትሪ አብርቼ አነበብኩት። በማመልከቻዬ ላይ የሰጠሁት ቁጥር ከመንገዱ ማዶ ያለው ምሰሶ ነው! እሱ ደግሞ ይበራል። ሠራተኞቹ ሁለት ጊዜ መጥተው፣ "ይበራል" ብለው፣ ጉዳዩን ዘግተው ሄደዋል። እኔ "አሳውቀናል" እያልኩ፣ እነሱ "ተጠናቋል" እያሉ፣ መንታ መንገዱ ጨለማ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። ተራ የተማሪ ደብተር። እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ እስኪዘጋ አይለወጥም። ሪፖርቱ ላይ በየወሩ ያው ቁጥር ይወጣል፤ አጠገቡም ጉዳዩ ያለበት ደረጃ ይጻፋል። የምጠቀማቸው ቃላት እነዚህ ብቻ ነበሩ፦ ደረሰኝ። ሄጄ አየሁት። ላክሁት (ለማን፣ በስንት ቀን)። ቀን ተቆረጠለት። አለቀ። አይሆንም።

"በሂደት ላይ" የሚባል ደረጃ የለም። ከላክሽው በኋላ መልስ ካልመጣ "ላክሁት፤ መልስ አልመጣም፤ 41ኛ ቀኑ ነው" ነው የምትይው። ቀኑን መቁጠር ብቻውን ሥራ ይሠራል። ያቺን ወረቀት የሚያነበው ጎረቤትሽ ብቻ አይደለማ፤ ደብዳቤው የተላከለት ሰውዬም ያነባታል፣ አለቃውም ያነባታል። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ የቀኑ ቁጥር በቀይ ተሰምሮበት በዓይኔ አይቻለሁ።

"ያልተሳካውን ልጻፍ ወይ" ላልሽው፦ ጻፊው። ከሁሉም የከበደኝ ግን "አይሆንም" የሚለው ነበር። አንድ መንገድ ላይ ነዋሪዎቹ ስፒድ ብሬከር ጠየቁ። የአምቡላንስ መውጫ ስለሆነ አልተፈቀደም። "ጉዳዩ ይታያል" ብዬ ዓመት መግፋት እችል ነበር። "አይሆንም፤ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ውሳኔውን የሰጠው ይሄ ክፍል ነው፤ ቅሬታ ያለው እዚህ ያመልክት" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ተሰደብኩ። አንድ ጎረቤቴ እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልኩን ያወጣል። ግን ከዚያ በኋላ "ይሆናል" ብዬ የጻፍኩትን ሰው ያምነኝ ጀመር።

ሌላም ልጨምር። ምክር ቤት የማያዘው ብዙ ነገር አለ። መንገዱ የአንዱ ክፍል፣ ቧንቧው የሌላው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሦስተኛው ነው። ነዋሪው ይሄን የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ አንቺ ግን አለብሽ። "ይሄ የኔ ሥልጣን አይደለም" ብለሽ አትለፊ። የማን እንደሆነ፣ አንቺ ምን ልታደርጊ እንደምትችይ ጻፊ። ብዙ ጊዜ የምትችይው መጠየቅ፣ ደግሞ መጠየቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ማምጣት ነው።

ሬንጅ

ጡረታ የወጣሁ የመንገድ ሰው ነኝ። ስለ አጻጻፍ አላውቅም። ስለ ቦይሽ ግን አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ልጄ፣ የአስፋልት ጠላት መኪና ይመስልሻል። ውሃ ነው። ስንጥቅ አለ እንበል፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከሥር ያለውን አፈርና ጠጠር ያለሰልሰዋል። ጎማ ሲያልፍበት ያንን ጭቃ እንደ ፓምፕ ወደ ላይ ይተፋዋል። ከሥር ባዶ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጉድጓድ ታያላችሁ። ማታ አልነበረም ትላላችሁ። ነበረ፤ ከሥር ነበረ።

ስለዚህ እዚያ ጥግ ላይ ከቦዩ ጋር የሚተኛ ውሃ ካለ፣ አጠገቡ ያለው አስፋልት ጉድጓድ ማውጣቱ አይቀርም። ነዋሪው "ጉድጓዱን ድፈኑ" ይላል። ይደፈናል። ሪፖርት ላይ "ተደፈነ" ተብሎ ይጻፋል። ፎቶም ይነሳል። ውሃው ግን እዚያው ነውና ድፍኑ ይነቀላል። በሥራ ዘመኔ አንዱን ጉድጓድ ደጋግሜ ደፍኛለሁ፤ ትእዛዙ "ድፈን" እንጂ "ውሃውን አስወጣ" ስላልነበረ። ሪፖርትሽ ላይ ቦዩንና ጉድጓዱን ለየብቻ አትጻፊያቸው። አንድ ቁጥር ስጫቸው፤ ቅድሚያ ቦዩ እንደሆነም ግለጪ። ጉድጓዱ ቀድሞ ከተደፈነ ተቃወሚ።

ሌላው ጭቃው ነው። ይሄ ያበሳጨኛል። ቦይ ይጠረጋል፣ የወጣው ጭቃና ቆሻሻ እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል፣ ሠራተኛው ይሄዳል። የመጀመሪያው ዝናብ ክምሩን አጥቦ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል። ሥራው ተሠርቷል፣ ፊርማም አለው፣ ቦዩ ግን ተደፍኗል። ስለዚህ "መቼ ይጠረጋል" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። "የወጣውን ማን፣ በምን መኪና፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ያነሳዋል" በይ። መልስ ከሌላቸው ገና ዕቅድ የላቸውም ማለት ነው።

ሜትር ይዘሽ ውጪ። ክዳኑ ስንት ሳንቲ ሜትር ተሰብሯል? ውሃው ዝናቡ ካባራ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆማል? ስንት ቀን? ቀኑ ቁም ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከተመቻት ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። "ውሃው ለ9 ቀን ቆሟል" ብለሽ ብትጽፊ ጉዳዩ የመንገድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጤናም ይሆናል፤ የጤና ክፍሉም ይጠየቅበታል።

ስለ ስፒድ ብሬከር የጻፍከው ወንድሜ፣ እዚያ ላይ "መኪና ይበራል" ማለት አይበቃም። ቁጥር ይፈለጋል። እኛ የምናየው ከመቶ ነጂ 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ነው። የተፈቀደው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሆኖ ያ ቁጥር 48 ከመጣ ማንም ሊከራከር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። ብሬከር ባይፈቀድ ሌላ መላ አለ፤ መንገዱን ማጥበብ፣ መሻገሪያውን ከፍ ማድረግ። "አይሆንም" ከማለት በፊት "በሌላ ይሆናል ወይ" ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ይቅርታ፣ ረዘመብኝ።

ሁለት ዙር

ተቀብያለሁ ጋሼ። ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም።

የማታ ተረኛ

እኔ ተመራጭም መሐንዲስም አይደለሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ በፈረቃ ነው የምሠራው። የኛን ተመራጭ ወረቀት የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። ሳቁብኝ።

ከታች ምን አለ መሰላችሁ? የጠፋ ቁልፍ ተገኝቷል። የሕፃናት ክትባት የሚሰጠው በዚህ ቀን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ስላለ እሑድ ጠዋት እንልቀመው፣ ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ። የመጣሁት ለእሷ እሑድ ነው። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ሦስቱን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር፤ አንዷ ከኔ ፎቅ በላይ ነው የምትኖረው!

ስለ ስብሰባው፣ ስለ በጀቱ ያለውን ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ጓንት አጥልቄ የሄድኩበት ሰፈር ሆነብኛ። ስለዚህ ተመራጯ፣ የቦዩን ነገር አስተካክይው፣ ግን የሰፈሩን ኑሮ ከወረቀቱ አታውጪው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የሰው ጉዳይ ስትጽፊ አስፈቅጂ። የኛው ሰው አንዴ በደግነት "እከሌ ታመዋል፣ እንጠይቃቸው" ብሎ ለጠፈ። ሰውየው ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር።

ቆጣሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተስማማሁም። ሪፖርት ቢያምር፣ ቁጥር ቢኖረው፣ ሰው የሚፈልገው መነገር አይደለም። መወሰን ነው። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የበጀቷን የተወሰነ ክፍል ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ እንዲወስንበት አድርጋለች። የቱ መንገድ፣ የቱ ቦይ ይቅደም የሚለውን የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ነው። አንቺ በየወሩ ስንት ጊዜ "ምን እናስቀድም?" ብለሽ ጠየቅሽ?

ሁለት ዙር

@ቆጣሪ እውነት አለህ፤ ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ሰው ደረጃውን በማያውቀው ጉዳይ ላይ ምን ብሎ ይወስናል? እኔ ደብተሩን ከጀመርኩ በኋላ ነው ስብሰባ ላይ "ቁጥር 12 ከቁጥር 5 ይቅደም" የሚል ሰው የመጣው። ከዚያ በፊት ሁሉም "የኔ ደጅ ይቅደም" ነበር። ቁጥር መስጠትም ቀላል ነገር አይምሰልህ። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአስቸኳይ ላልሆነ የፖሊስ ጉዳይ 311 የሚባል አንድ የስልክ ቁጥር ስትጀምር፣ ዋናው ሐሳብ የፖሊሱን የአስቸኳይ መስመር ማቃለል ነበር። በኋላ ግን ከተሞች ከጥሪዎቹ መዝገብ የትኛው ሰፈር ምን እንደሚያጉረመርም ማንበብ ጀመሩ። ደብተር ማለት ይሄው ነው፤ የኔው በእጅ የተጻፈ መሆኑ እንጂ።

ቆጣሪ

ደብተሩ ላይ የሚገባው ግን የሚጮኸው ሰው ጉዳይ ነው። የማይጮኸውስ?

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አምስት ቀን ዝም ያልኩት ሜትር ይዤ ስዞር ስለነበር ነው። (ጋሼ ሬንጅ፣ ሰው ሁሉ መሬት ልትገዛ ነው ብሏል።)

@ቆጣሪ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። ደብተር ከመጀመሬ በፊት የዓመቱን አቤቱታ በሙሉ አውጥቼ በሰፈሩ ካርታ ላይ በእርሳስ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩት። ነጥቡ ሁሉ ከላይኛው መንገድ ነው። ከታች፣ ከቦዩ ወዲያ ካሉት አራት ቅያሶች አንድም ነጥብ የለም። ችግር ስለሌለ መስሎኝ ሄድኩ። ሁለት ማንሆል ያለ ክዳን ተቀምጧል፤ አንዱ ላይ ሰው የተሰበረ ወንበር ገልብጦበታል፣ ልጅ እንዳይገባ። "ለምን አልነገራችሁኝም?" ስል አንድ ወጣት "ግሩፑ ውስጥ የለንም፣ ሰሌዳውም ላይኛው መንገድ ነው" አለኝ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ግማሹ ሰፈር ሳያነበኝ ኖሯል። ሁለተኛ ሰሌዳ እዚያ ይተከላል፤ እስኪተከል ቤት ለቤት አድላለሁ።

ማንሆሎቹ ደብተሩ ላይ ቁጥር 1 ናቸው። ማንም አላመለከተም፣ እኔ ነኝ ያመለከትኩት። በዚያው ቀን ስልክ ደወልኩ፣ በማግስቱ አንዱ ላይ ክዳን ተደረገ። ሁለተኛው ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮበታል።

የቦዩ ደግሞ እንዲህ ሆኗል። ይሄን ሰሌዳው ላይ ልሰቅለው ነው፤ ስህተት ካለው ንገሩኝ፦

"ቁጥር 7፦ የጥጉ ቦይና አጠገቡ ያለው ጉድጓድ። ክዳኑ በሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ትልቁ ስብራት 60 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለፈው ዝናብ ውሃው 6 ቀን ቆሟል። ደብዳቤ የላክሁት የዛሬ 97 ቀን ነው። መልስ አልመጣም። በሦስት ሪፖርቶች 'ይጀመራል፣ በሂደት ላይ ነው፣ ትኩረት ተሰጥቶታል' ብዬ ነበር። አልተጀመረም። እንደዚያ መጻፌ ስህተት ነው። ዛሬ ሁለተኛ ደብዳቤ ከነፎቶው ልኬአለሁ፤ ለጤና ክፍሉም ግልባጭ ሰጥቻለሁ። የጠየቅኩት፦ ቦዩ ከጉድጓዱ በፊት ይሠራ፤ የሚወጣው ጭቃ በዚያው ቀን ይነሳ።"

"ስህተት ነው" የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ክፍል ውስጥ ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ሲያመጣ "አሠራሩ የታለ?" ብዬ ግማሽ ማርክ የምቀንስ ሰው ነኝ። የራሴ ወረቀት ላይ አሠራር የሚባል ነገር አልነበረም።

ዛሬ ከሰዓት በስልክ መልስ አገኘሁ። ጠራጊዎቹ በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ይመጣሉ ተብያለሁ። ጭቃውን ማን ያነሳዋል ስል "እሱን እናያለን" አሉኝ።

ሬንጅ

"እናያለን" ዕቅድ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ ተገኚ፤ መኪናው ከሌለ ቁፋሮውን አታስጀምሪ።

ሁለት ዙር

በስልክ የነገሩሽን አሁኑኑ ጽፈሽ መልሰሽ ላኪላቸው። "ማክሰኞ እንደምትመጡ ነግራችሁኛል፤ ጭቃው ግን መልስ አላገኘም" ብለሽ። መልሱን የሰጠሽን ሰው የሥራ ክፍልና ሰዓቱን ደብተርሽ ላይ ያዢ።

ጠመኔ (ጠያቂ)

ላክሁት። 11 ሰዓት ከ20 ላይ። ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል አለኝ፤ ባልደረባዬን እንድትይዝልኝ ለምኛታለሁ።